የነጭ ቢራቢሮ ቀለምና የእናቶች ኪኒን

ቢራቢሮ በእጁ ይዞ የሚያውቅ ሰው ጣቱ ላይ የሚቀረውን ብናኝ አይረሳውም። አቧራ ይመስላል እንጂ የክንፉ ልባስ ነው፦ እንደ ቤት ክዳን ሸክላ የተደራረቡ፣ የአንዱ ርዝመት የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል የሆነ ጥቃቅን ቅርፊቶች። የእሳት እራትም የምትለብሰው ይህንኑ ነው። ቅርፊቱ የተሠራው ከካይቲን ሲሆን ካይቲን ራሱ ቀለም የለውም። ሞርፎ የሚባሉት የደቡብ አሜሪካ ቢራቢሮዎች ደማቅ ሰማያዊ የሚመስሉት የካይቲኑ ስስ ንብብር ብርሃንን መርጦ ስለሚመልስ ነው።

በአገራችንም በአትክልት ቦታና በሜዳ የምናያቸው የነጭና የቢጫ ቢራቢሮዎች ወገን ግን መንገዱ ሌላ ነው። አንዱን ቅርፊት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብናየው ረድፍ ረድፍ በቆሙ ሸንተረሮች መካከል የተንጠለጠሉ እጅግ ደቃቅ እንክብሎች እናገኛለን። እንክብሎቹ የያዙት ፕቴሪን የተባለ፣ ናይትሮጅን የበዛበት ውህድ ነው። ነጩም ቢሆን ባዶ አይደለም። ሉኮፕቴሪን የተባለው ዓይነት እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ውጦ የቀረውን ይመልሳል። በጃፓኑ የጎመን ቢራቢሮ እንክብሉ የሞላው የወንዱ ክንፍ ነው፤ የሴቷ ጨረሩን መልሶ ያንጸባርቃል። ለእኛ ዓይን ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ወንዱ ግን ሴቷን በዚሁ ይለያታል።

እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ሆፕኪንስ ይህን ቀለም ማጥናት የጀመረው በ1880ዎቹ ሲሆን የዩሪክ አሲድ ዘመድ ነው ብሎ ነበር። በ1925 እና 1926 ጀርመናውያኑ ሃይንሪክ ቪላንድና ክሌመንስ ሾፕፍ ከብዙ ሺህ ክንፎች ቀለሙን አጥርተው አወጡት። አወቃቀሩ ግን እስከ 1940 ሳይታወቅ ቆየ፤ ለትንተና ሲቃጠል ሙሉ በሙሉ አልነድ እያለ ኬሚስቶቹን አስቸግሯቸው ነበር።

ድካማቸው ወዲያው ፍሬ አፈራ። በ1941 ከስፒናች ቅጠል የተለየው ፎሊክ አሲድ የተባለ ቫይታሚን ሲመረመር በውስጡ ያው የፕቴሪን ድርብ ቀለበት ተገኘ። በ1948 ደግሞ የቦስተኑ ሐኪም ሲድኒ ፋርበር ፎሊክ አሲድን አስመስሎ ሥራውን የሚያግደውን አሚኖፕቴሪን ለደም ካንሰር ሕሙማን ሕፃናት ሰጥቶ ለጊዜውም ቢሆን በሽታው ሲያፈገፍግ አየ። የአሚኖፕቴሪን የቅርብ ዘመድ ሜቶትሬክሴት ዛሬም ይታዘዛል።

ሰውነታችን ፎሊክ አሲድን መሥራት አይችልም፤ ከጎመን፣ ከምስር፣ ከባቄላ ይቀበላል። በጤና ጣቢያ ነፍሰ ጡሮች ከአይረን ጋር የሚሰጣቸው ኪኒንም እሱን የያዘ ነው። ፎሊክ አሲድ በሚገባ እንዲዘጋ የሚረዳው፣ የጽንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚያድጉበት ቱቦ የሚዘጋው በመጀመሪያው ወር፣ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ገና ሳያውቁ ነው። ስለዚህ ፎሊክ አሲዱን መውሰድ የሚገባው ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ነው።