ኮፍያቸውን ያላወለቁት ወንጀለኞች

ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳተመው መጽሐፍ ብዙዎችን ያስደነገጠ ነገር ጻፈ፦ ወንጀል የጤናማ ማኅበረሰብ አካል ነው። ወንጀል መልካም ነው ማለቱ አልነበረም። ወንጀል የሌለበት ማኅበረሰብ ታይቶ ስለማይታወቅ፣ እንደ በሽታ ከመቁጠር ይልቅ ምን ሥራ እንደሚሠራ እንጠይቅ ነው ያለው። ቅዱሳን ብቻ የሚኖሩበት ገዳም ቢኖር እንኳ ጥፋተኛ አይጠፋም። ግድያንና ሌብነትን ያጠፋው ያው ጥብቅ ሥርዓት፣ ማዕድ ላይ ድምፁን ከፍ ያደረገውን መነኩሴ እንደ ትልቅ አጥፊ ያስቆጥረዋል።

ለዱርካይም፣ ቅጣት ከተቀጪው ይልቅ የሚመለከተው ተመልካቹን ነው። «ይህ በእኛ ዘንድ አይደረግም» የሚለው ድንበር የሚታየው አንዱ ሲጥሰው ነው፤ አብረው የተቆጡ ሰዎችም ይቀራረባሉ።

አሜሪካዊው ካይ ኤሪክሰን በ1966 ባወጣው ጥናት ይህን ሐሳብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው ማሳቹሴትስ ላይ ፈተነው። ምርጫው ብልህነት አለበት፤ ከእንግሊዝ ተሰደው እዚያ የሰፈሩት ፒዩሪታኖች የቅዱሳን አገር እንመሠርታለን ያሉ ሰዎች ነበሩና።

በ1656 ኩዌከሮች የተባሉ የሌላ ክርስቲያናዊ ወገን አማኞች እዚያው ማሳቹሴትስ፣ ቦስተን ደረሱ። ነፍስ አላጠፉም፣ አልሰረቁም። ዳኛ ፊት ግን ኮፍያቸውን አያወልቁም፤ ሹሙንም ሎሌውንም እኩል «አንተ» ይላሉ። ትልቅ ሰው «አንቱ» በሚባልበት ቋንቋ ላደግን ሰዎች፣ ይህ ምን ያህል እንደሚያስቆጣ ማስረዳት አያሻም። ጆሮ የሚያስቆርጥ፣ ምላስ በጋለ ብረት የሚያስበሳ ሕግ ወጣባቸው፤ ቀጥሎም ተባርሮ የተመለሰ ይሙት ተባለ። ሜሪ ዳየር በ1659 አንገቷ ላይ ገመድ ከገባ በኋላ ምሕረት ተደርጎላት ተባረረች። በተከታዩ ዓመት ተመልሳ መጣች፤ ተሰቀለች። እስከ 1661 ድረስ በዚህ መንገድ አራት ኩዌከሮች ሞተዋል።

ኤሪክሰን እንደሚለው የመሥራቾቹ ትውልድ እያለፈ ነበር፤ እንግሊዝ የቀሩት ፒዩሪታኖችም ሌላ እምነት ያለውን መታገሥ ጀምረዋል። ቅኝ ግዛቱ ማንነቱ ሲምታታበት፣ ማን እንዳልሆነ የሚያሳየው ሰው ፈለገ። ኤሪክሰን እዚያው ያለውን የኤሴክስ አውራጃ የፍርድ ቤት መዝገብ ሲያገላብጥም የጥፋቱ ዓይነት ቢለዋወጥም የአጥፊዎቹ መጠን ብዙም እንዳልተናወጠ አስተውሏል።

እኔን የሚከነክነኝ «ማኅበረሰቡ» የሚለው ቃል ነው። ሕጉን ያወጡት ሹማምንት ናቸው፤ ከድንበሩ መታየት ቀድመው ያተረፉትም እነሱ ናቸው። ደግሞስ አንድ ነገር ውጤቱ ስለታየ ብቻ መነሻው ታወቀ ማለት ነው? በ1661 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ግድያው እንዲቆም ሲያዝ ቅኝ ግዛቱ አልፈረሰም፤ ቅጣቱ ወደ ግርፋት ወረደ እንጂ። ለዚህ ኤሪክሰን በእጁ ያለው መልስ 1692 ነው። በዚያ ዓመት እዚያው ቅኝ ግዛት ውስጥ፣ ሴለም ላይ 19 ሰዎች ጠንቋይ ተብለው ተሰቀሉ።