«ብርድ ነው» እያልን የምንታገሰው የነርቭ ሕመም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። በሽታውን በትክክል ያልተናገረም ዕጣው ያው ነው።

በታክሲ፣ በፓርኪንግና በሆቴል ሥራ ከሚደክሙ ወገኖቻችን መካከል ሌሊት እግራቸውን የሚያቃጥላቸው፣ አንሶላ ሲነካቸው የሚያማቸው፣ ጉንዳን የወረራቸው የሚመስላቸው አሉ። አንዱ «ብርድ ነው» ይላል፤ ሌላው «ቆሜ ስለምውል ነው» ብሎ ታይለኖል ይውጣል። ሕመሙ ግን አይለቅም። የተጎዳው የሕመምን መልእክት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ራሱ ስለሆነ፣ ቁስል ሳይኖር «ተቃጠልኩ» እያለ ይጮኻል። ዋነኛው መንስኤ የስኳር በሽታ ነው። አልማዝ ባለጭራ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና መጠጥ ማብዛትም ነርቭን ይጎዳሉ።

ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ ደግሞ ቋንቋው ይጋረጣል። በእኛ አነጋገር ከጭን እስከ ጣት ሁሉም «እግር» ነው። «ብርድ መታኝ» ያሉ እናት ልጃቸው «ጉንፋን ይዟታል» ብሎ ቢተረጉምላቸው የሚታዘዝላቸው የጉንፋን መድኃኒት ነው። ስለዚህ ቦታውን በጣትዎ ያሳዩ፤ ያቃጥላል፣ ይወጋል ወይስ ይደነዝዛል? መቼ ይብሳል? ለይተው ይናገሩ። እዚህ አሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ይጠይቁ፤ ልጅዎን አያስጨንቁ።

ለነርቭ ሕመም ከሚታዘዙት መካከል አሚትሪፕቲሊንና ዱሎክሰቲን ለድብርት፣ ጋባፔንቲን ለሚጥል በሽታም የሚሰጡ ናቸው። ይህን ሰምቶ «እኔ መች አበድኩ!» በማለት መድኃኒቱን የሚጥል ወገን አለ። የታዘዙት ግን የሚጮኸውን ነርቭ ለማብረድ ነው። በትንሹ ተጀምረው ቀስ በቀስ ይጨመራሉ፤ ውጤታቸው ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ሕመሙን ይቀንሳሉ እንጂ ሁልጊዜ ጨርሰው አያጠፉትም። እንቅልፍና ማዞር ስለሚያመጡ፣ መኪና የሚነዱ ከሆነ ለሐኪምዎ አስቀድመው ይንገሩ። ሐኪም ሳያማክሩም በድንገት አያቋርጡ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሕመሙ ጠፍቶ እግሩ ሲደነዝዝ ነው። የደነዘዘ እግር ጫማ ሲልጠው፣ ሙቅ ውኃ ሲያቃጥለው አይሰማውም፤ ያልታወቀ ቁስል አመርቅዞ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ ወገኖች፣ በየምሽቱ ከሥራ ስትመለሱ ካልሲያችሁን አውልቃችሁ ውስጥ እግራችሁንና የጣቶቻችሁን መሐል እዩ። እግራችሁን ጨው ባለው ሙቅ ውኃ መዘፍዘፍና ማሞቂያ ሥር ማስጠጋት ይቅርባችሁ። ስኳራችሁን ያልተመረመራችሁ ደግሞ ተመርመሩ፤ ጊዜ ሳያልፍ የተያዘ ስኳር የቀረውን ነርቭ ያተርፋል።