ስለ ባሕር ግርማና ስለ አንድ ሠዓሊ

በዓይን አይተን የምንወደው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አበባና የለመለመ መስክ ልብን ደስ ያሰኛል፤ ይህ ውበት ይባላል። ታላቅ ገደል፥ የሚናወጥ ባሕር፥ የነጐድጓድም ድምፅ ግን ደስ እያሰኘ ያስፈራል፤ ይህ ግርማ ይባላል። በ1757 በኤውሮፓ አቈጣጠር፥ በአየርላንድ የተወለደ ኤድመንድ ቡርክ የሚባል ሰው ስለዚህ ልዩነት መጽሐፍ ጻፈ። አደጋው እጅግ ሲቀርብ ፍርሃት ብቻ ነው፤ ራቅ ብለን ስናየው ግን ፍርሃቱ ወደ መደነቅ ይለወጣል ብሎ አስተማረ።

ይህን ግርማ በሥዕል ከገለጡት አንዱ የጀርመን ሰው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪኽ ነው። እርሱ በ1774 በባልቲክ ባሕር አጠገብ በግራይፍስቫልት ከተማ ተወለደ። በ1781 እናቱ ሞተችበት። በዚያ አገር በብርድ ወራት ውሃው እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር ሰው በላዩ ይሄዳል። በ1787 ግን ወንድሙ ሰጠመ፤ በረዶው ተሰብሮበት ነው ይባላል። ካስፓር በዚያን ጊዜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረ። ስለዚህ የውሃን ኃይል የተማረው ከመጽሐፍ አልነበረም።

ይህ ልጅ አድጎ ሠዓሊ በሆነ ጊዜ ከባሕር ፊቱን አልመለሰም። ከ1808 እስከ 1810 ድረስ «መነኵሴ በባሕር ዳር» የተባለውን ሥዕል ሠራ። የሥዕሉ ቁመት 110 ሳንቲሜትር፥ ወርዱም 171 ሳንቲሜትር ያህል ነው። የሚበልጠውን ስፍራ ሰማይ ይዞታል፤ ከሰማዩ በታች ጥቁር ባሕር፥ ከባሕሩም በታች ነጣ ያለ አሸዋ አለ። በአሸዋው ላይ አንድ መነኵሴ እጅግ አንሶ ብቻውን ቆሞአል።

ፍሪድሪኽ አስቀድሞ በባሕሩ ላይ መርከቦች ነድፎ ነበር፤ ኋላ ግን በቀለም ሸፈናቸው። በዘመናችን ሊቃውንት ሥዕሉን በመሣሪያ ሲመረምሩት የመርከቦቹ ምልክት ከቀለሙ በታች ተገኘ። መርከብ ቢኖር የተመልካች ዓይን በመርከቡ ላይ ባረፈ ነበር፤ አሁን ግን ከሰፊው ሰማይና ከባሕሩ በቀር ማረፊያ የለውም። ሥዕሉ በ1810 በበርሊን ለሕዝብ ታየ፤ የፕሩሲያም ንጉሥ ገዛው። ዛሬም በዚያው ከተማ በሥዕል ቤት ይገኛል።

ልጆች ሆይ፥ መነኵሴው የቆመበትን ስፍራ አስተውሉ። ከባሕሩ አልሸሸም፤ ወደ ባሕሩም አልገባም። እናንተም በክረምት ወንዝ ሞልቶ ሲጮኽ በሰማችሁ ጊዜ እንዲሁ አድርጉ። ጐበዝ ለመባል ወደ ጐርፍ የሚገባ ልጅ ወንዙን አላወቀውም፤ ፈርቶ ዓይኑን የሚጨፍንም አላየውም። ከዳር ራቅ ብሎ ቆሞ የሚያስተውል ግን የወንዙን ግርማ ያያል፥ በደኅናም ወደ ቤቱ ይመለሳል።