ኡሁሩ፦ ከማሊንዲ ባሕር የተነሣችው ራጅ ቆጣሪ

ክብደቷ ኩንታል ተኩል አይሞላም። ካሜራ የላትም፣ መስታወት የላትም፣ በዕድሜዋ አንድም ፎቶ አንስታ አታውቅም። ሥራዋ መቁጠር ብቻ ነበር። ይህች ኡሁሩ የተባለች ሳተላይት ግን በሁለት ዓመት ከሦስት ወር አገልግሎቷ ሰማይን ለተመራማሪዎች እንግዳ አድርጋ መለሰችላቸው።

የተወነጨፈችው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1970፣ በእኛ ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ነው። መነሻዋ ፍሎሪዳ አልነበረም፤ ከኬንያዋ ማሊንዲ አቅራቢያ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ በብረት እግሮቹ የቆመ ሳን ማርኮ የሚባል መድረክ ነው። ሳተላይቷም ሮኬቱም የአሜሪካ፣ አስወንጫፊዎቹ ጣሊያኖች፣ ባሕሩ የኬንያ። ዕለቱ ኬንያ ነጻ የወጣችበት ሰባተኛ ዓመት ስለነበር፣ በናሳ የፕሮጀክቱ ኃላፊ የነበሩት ማርጆሪ ታውንሰንድ በስዋሂሊ “ነጻነት” የሚል ስም መረጡላት። (ኬንያ ነጻ የወጣችው በፈረንጆቹ 1963፣ ሳተላይቷ የተነሣችው በእኛ 1963። አጋጣሚው ለማንም አይፈይድም፤ ደስ ግን ይላል።)

ኬንያ የተመረጠችው ስሙ እንዲያምር አይደለም። በምድር መግነጢስ የተያዙ፣ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች ምድርን ከበው ይዞራሉ፤ ከብራዚልና ከደቡብ አትላንቲክ በላይ ደግሞ በጣም ዝቅ ይላሉ። ቆጣሪ ውስጥ ሲገቡ ከኮከብ የመጣ ራጅ መስለው ይቆጠራሉ። የምድር ወገብን ሳትለቅ የምትዞር ሳተላይት ከአብዛኞቹ ታመልጣለች፤ የኬንያው መድረክ ደግሞ እዚያው ወገብ አጠገብ ነው።

አዎ፣ ራጅ ነው፤ ሐኪም ቤት አጥንት የምንታይበት ያው ጨረር። ሥጋን ቢያልፍም የምድርን ከባቢ አየር አያልፍም፤ ስለዚህ ከሰማይ የሚመጣውን ለማየት ከአየሩ በላይ መውጣት ግድ ነው። ጣሊያን የተወለደው ሪካርዶ ጃኮኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1962 ከኒው ሜክሲኮ በረሃ አንድ ሮኬት ተኮሱ። የታሰበው ከጨረቃ የሚመጣ ራጅ ካለ ለመያዝ ነበር። መሣሪያው ያገኘው ግን ሌላ ነው፦ ዐቅራብ ከምንለው የኮከቦች ስብስብ አቅጣጫ የሚመጣ፣ ማንም ያልጠበቀው ብርቱ ጨረር። ሮኬቱ ከአየሩ በላይ የቆየው ስድስት ደቂቃ ግድም ነው፤ በስድስት ደቂቃ ደግሞ የሰማይ ካርታ አይነሣም።

ኡሁሩ የተሠራችው ያንን ካርታ እንድታነሣ ነው። ጀርባና ጀርባቸውን ሰጥተው የተቀመጡ ሁለት በጋዝ የተሞሉ ሣጥኖች ነበሯት። ራጅ ሲገባ ከጋዙ ኤሌክትሮኖችን ያላቅቃል፤ ኤሌክትሮኖቹ ውስጥ ወደተዘረጋ ሽቦ ይሮጣሉ፤ አንድ ምት ይመዘገባል። የሣጥኖቹ አፍ በጠባብ ቱቦዎች ስለተሸፈነ የሚገባው ከፊት ለፊት የመጣው ብቻ ነው። ሳተላይቷ በ12 ደቂቃ አንዴ እየተሽከረከረች ሰማዩን በቀጭን መቀነት መቀነት ታስሳለች፤ ቁጥሩ ድንገት ከፍ ካለ እዚያ አቅጣጫ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

አስደናቂው ግኝት ሴንታውረስ ኤክስ-3 የተባለው ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 መረጃው ሲመረመር ቁጥሩ በየ4.8 ሰከንዱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ያለማቋረጥ፣ እንደ ልብ ትርታ። ትርታው ግን ሙሉ በሙሉ እኩል አልነበረም። አንዳንዴ ይጠጋጋል፣ አንዳንዴ ይራራቃል፣ በየሁለት ቀኑ ገደማ ደግሞ ለግማሽ ቀን ያህል ድርግም ብሎ ይጠፋል። እንቆቅልሹ ሲፈታ ነገሩ ሁለት አካል ሆኖ ተገኘ። የሚተርተው ነገር ከአንድ ግዙፍ ኮከብ ጋር ተጣምሮ ይዞራል፤ ወደ እኛ ሲመጣ ምቶቹ ይጠጋጋሉ፣ ሲርቅ ይራራቃሉ፣ ከግዙፉ ጀርባ ሲገባ ይጋረዳል።

ትንሹ አካል ኒውትሮን ኮከብ ነው፤ የሞተ ኮከብ አስከሬን፣ ስፋቱ ከአንድ ከተማ የማይበልጥ፣ ክብደቱ ግን ከፀሐይ ጋር የሚፎካከር። ከጎረቤቱ የሚስበው ጋዝ ሲወድቅበት በሚሊዮን በሚቆጠር ዲግሪ ይግላል፤ ራጁ የሚወጣው ከዚህ ግለት ነው። ፀሐይ ውስጥ ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ሲቀየር ከክብደቱ 0.7 በመቶ ያህሉ ብቻ ወደ ጉልበት ይለወጣል። ኒውትሮን ኮከብ ላይ የወደቀ ጋዝ ግን ከ10 በመቶ በላይ ይሰጣል። የሞተው ኮከብ በሕይወት ካለው የባሰ ምድጃ መሆኑ፣ ከዚያ በፊት በወረቀት ላይ ቢገመትም፣ እንዲህ በግልጽ ታይቶ አያውቅም ነበር።

ሲግነስ ኤክስ-1 የተባለው ሌላ ምንጭ ደግሞ ትርታ የለውም፤ ዝም ብሎ ይርገበገባል፣ በሰከንድ ክፋይ። በአንድ አሥረኛ ሰከንድ የሚለዋወጥ ነገር ብርሃን በዚያ ጊዜ ከሚጓዘው 30,000 ኪሎ ሜትር ሊሰፋ አይችልም። ሉዊዝ ዌብስተርና ፖል መርዲን ከእንግሊዝ፣ ቶም ቦልተን ከካናዳ ወደዚያው አቅጣጫ በየፊናቸው ተመልክተው አንድ ሰማያዊ ግዙፍ ኮከብ በ5.6 ቀን አንዴ የማይታይ ከባድ ነገር እንደሚዞር አገኙ። ይህ የማይታየው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በጽኑ ማስረጃ የተጠረጠረው ጥቁር ጉድጓድ ሆነ። በ2021 የወጣ ልኬት 21 ፀሐዮችን ያህል እንደሚመዝን አሳይቷል።

በጋላክሲ መንጋዎች ውስጥ፣ በጋላክሲዎቹ መሀል ያለው ባዶ የሚመስል ሥፍራም እጅግ በጋለ ጋዝ የተሞላ መሆኑ በኡሁሩ ታየ። የጋዙ ክብደት በመንጋው ውስጥ ካሉ ኮከቦች ሁሉ ይበልጣል።

ሥራዋ በማርች 1973 ቆመ፤ በ1979 ወደ ከባቢ አየር ተመልሳ ተቃጠለች። ጃኮኒ በ2002 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። የቆጠረቻቸው 339 ምንጮች በ1978 በአራተኛው መዝገብ ታትመዋል፤ ብዙዎቹም ዛሬ ድረስ የሚጠሩት በዚያ መዝገብ ነው። በ11 ደቂቃ ተኩል ውስጥ ሁለት ኮከቦች አንዱ ሌላውን የሚዞሩበት ሥርዓት ለምሳሌ 4ዩ 1820-30 ይባላል። 4 መዝገቡ ነው፤ ዩ ደግሞ የኡሁሩ የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ፊደል (U)።