ተጨማሪ መረጃ፦ ያረገዘች ጥንቸል በብርድ ወራት

ጥንቸል ብርድ ትችላለች፤ የሚጎዳት ነፋስና እርጥበት ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋ አካባቢዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ ቤቷን ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ ነፋስ የሚመጣበትንም ጎን በሳንቃ መዝጋት ያስፈልጋል። ሁሉም ጎን ግን አይደፈን፤ አየር ካልተዘዋወረ የሽንቷ ሽታ ሳንባዋን ይጎዳል።

እርግዝናዋ 31 ቀን ገደማ ነው። በ27ኛው ወይም በ28ኛው ቀን 45 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 30 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው የእንጨት ሣጥን ይግባላት። ከሥሩ ሰጋቱራ፣ ከላዩ ደረቅ ገለባ ወይም ድርቆሽ በብዛት ይነጠፍ። ክር የግልገሎቹን እግር ስለሚተበትብ ፈጽሞ አይግባ። የቀረውን እናቲቱ ታውቅበታለች፦ ከሆዷና ከደረቷ ፀጉር ነጭታ ጎጆውን ታለብሰዋለች። ይህን ፀጉር ቆሻሻ መስሏችሁ አትጥረጉት! ግልገሎቹ ያለ ፀጉር፣ ዓይናቸውም ሳይገለጥ ነው የሚወለዱት፤ ዓይናቸው የሚከፈተው በ10 ቀን ገደማ ነው።

እናቲቱ የምታጠባቸው በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ከሣጥኑ ርቃ ብትታይ ጥላቸዋለች ማለት አይደለም። ከጎጆው ወጥቶ የቀዘቀዘ ግልገል ካገኛችሁ ግን ፈጥናችሁ በእጃችሁ አሙቁትና ወደ ወንድሞቹ መልሱት።