ሠላሳ አንድ ጊዜ ተሸንፎ ዋንጫ የወሰደው የፍሬዝኖ ቡድን

በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት የምትገኘው የፍሬዝኖ ከተማ ለብዙ ዘመን ስሟ የሚነሣው በወይን እርሻዋና በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በሚደርቀው ዘቢቧ ነበር። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ግን የከተማይቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቤዝቦል ጨዋታ የአሜሪካን ኰሌጆች ዋንጫ ወሰዱ። ይኸውም ቡድን በዚያው ዓመት 47 ጊዜ አሸንፎ 31 ጊዜ ተሸንፎ ነበር። ይህን ያህል ተሸንፎ ለዋንጫ የበቃ ከዚያ በፊት አልታየም።

ቤዝቦል ማለት አንዱ ወገን ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ እየመታ፥ በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን ምልክቶች ሮጦ በመዞር ነጥብ የሚያገኝበት ጨዋታ ነው። የገና ጨዋታን የሚያውቅ ሰው ዱላውን ሲያይ ዘመድ ያገኘ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በቤዝቦል ከመቺው ይልቅ የሚደክመው ወርዋሪው ነው። ስለዚህ ብዙ ኳስ የወረወረ ሰው ክንዱ እስኪበረታ ድረስ ለጥቂት ቀናት እንዲያርፍ ይደረጋል።

በማይክ ባተሶል አሠልጣኝነት የሚመራው ቡድን ዓመቱን የጀመረው በ8 ድልና በ12 ሽንፈት ነበር። ኋላም ዝነኛው ወርዋሪ ታነር ሼፐርስ ትከሻውን በመታመሙ ከዋናው ውድድር ቀረ። 64 ቡድኖች አራት አራት ሆነው በተመደቡ ጊዜ ለፍሬዝኖ የተሰጠው ደረጃ አራተኛው፥ ማለት የመጨረሻው ነበር። ከምድቡ ግን እርሱ አለፈ። ቀጥሎ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲዎች ከታወቀው ከአሪዞና ስቴት ጋር ገጥሞ መጀመሪያ 12 ለ4 ቢሸነፍም፥ 8 ለ6 እና 12 ለ9 መልሶ ረታው።

የመጨረሻው ፍልሚያ በኦማሃ ከተማ ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነ። ከሦስቱ ግጥሚያዎች የመጀመሪያውን ጆርጂያ 7 ለ6 አሸነፈ። መሸነፍ ግን ለፍሬዝኖ ልጆች እንግዳ ነገር አልነበረም፤ በማግሥቱ 19 ለ10 ረቱ።

ጁን 25 ቀን ዋንጫው በአንድ ጨዋታ የሚለይ ሆነ። ባተሶል ኳሱን ለጀስቲን ዊልሰን ሰጠ። ወጣቱ ያረፈው ሦስት ቀን ብቻ ሲሆን፥ በዚያች ሌሊት 129 ኳስ ወረወረ፤ በስምንት ዙር ውስጥ ጆርጂያዎች ያገኙት አንዲት ነጥብ ብቻ ነበረች። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለወጣት ክንድ ተገቢ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ በዚያች ሌሊት ግን የጠየቀ ያለ አይመስልም።

የቡድኑን ስድስት ነጥቦች በሙሉ ያስገኘው ስቲቭ ዴትዋይለር ነው። የግራ እጁ አውራ ጣት ጅማት ተቀዶ እያለ ዱላውን ጨብጦ ሁለት ጊዜ ኳሱን ከአጥር ውጭ አወጣ። ጨዋታው 6 ለ1 ሆኖ በዘጠነኛው ዙር የመጨረሻዋ ኳስ ወደ ሰማይ ስትመታ፥ በስተቀኝ ሜዳ ቆሞ ይጠብቃት የነበረው እርሱ ራሱ ነበር፤ በጓንቱም ተቀበላት።