ውኃን ሽቅብ የሚመልስ ማመንጫ

ከሆሳዕና ተነስቶ በሶሮ ወይም በጊቤ ወረዳ በኩል ወደ ቆላው የወረደ ሰው ደጋው እንዴት በአንዴ እንደሚናድ ያውቃል። ከተማዋ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በኦሞ ሸለቆ ውስጥ የተኛው የጊቤ 3 ሰው ሠራሽ ሐይቅ ግን ጢም ብሎ ሲሞላ እንኳ ከባሕር ጠለል በላይ 892 ሜትር ላይ ነው። ሐይቁ ከግድቡ ወደ ላይ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ የጠምባሮንና የሀዲያን ቆላ ታክኮ ይሄዳል። አንድ የኃይል መሐንዲስ ይህን አቀማመጥ ቢያይ ወዲያው የሚያስበው ነገር አለ፦ ውኃን በፓምፕ ወደ ላይ መልሶ የሚያጠራቅም ማመንጫ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሁለት የውኃ ማጠራቀሚያዎች ይኖራሉ፤ በመካከላቸው ዋሻ፣ በዋሻው ግርጌ ደግሞ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ መሽከርከር የሚችል ማሽን። ሌሊት አገሩ ሲተኛ፣ ወይም ንፋሱ በርትቶ ኃይል ሲተርፍ ማሽኑ ፓምፕ ሆኖ ውኃውን ሽቅብ ይገፋል። ማታ የኤሌክትሪክ ምጣዱና አምፖሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲበራ ውኃው ተመልሶ ይወርድና ማሽኑ ተርባይን ይሆናል። ታዲያ ማመንጫ እንለዋለን እንጂ ከሚሰጠው የሚበላው ይበልጣል፤ ወደ ላይ ለመግፋት 100 ኪሎዋት ሰዓት ከወሰደ ሲመልስ ከ70 እስከ 80 ቢሰጥ ነው። በከምባታና በሀዲያ ቤት ቆጮ እንደሚቀመጥበት ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓዱ እንሰት አያበቅልም፣ የተረፈውን ለቸገረ ቀን ያቆያል።

ስሌቱን እንሞክረው። 10 ሄክታር ስፋትና 10 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ይህ ውኃ 500 ሜትር ቁልቁል ቢወርድ፣ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 1.2 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ለስድስት ሰዓት ሲካፈል 200 ሜጋዋት ነው። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ግልገል ጊቤ 1 አቅሙ 184 ሜጋዋት መሆኑን ልብ ይሏል። ኩሬው ትንሽ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ከፍታው ነው።

ከዚህ መልክ ጋር በጣም የሚቀራረበው በአገራችን ግልገል ጊቤ 2 ነው። ከጊቤ 1 የወጣውን ውኃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ በተራራ ሆድ አሳልፎ 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይለቀውና 420 ሜጋዋት ያመነጫል። ጥር 2002 ዓ.ም. በተመረቀ በቀናት ውስጥ ዋሻው ተደርምሶ ለወራት መቆሙ አይረሳም፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ ከማሽኑ ይልቅ ተራራው እንደሚያስቸግር ያሳየ ነው። ተርባይኖቹ ግን ውኃን ወደ ላይ መግፋት አይችሉም፤ የወረደው ውኃ ወደ ጊቤ 3 ሐይቅ ይሄዳል፣ ያ ነው መጨረሻው።

በአፍሪካ ውኃን ሽቅብ የሚመልስ ማመንጫ በትልቁ የያዘችው ደቡብ አፍሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጠናቀቀው ኢንጉላ 1,332 ሜጋዋት አቅም አለው፤ የምሽቱን ከፍተኛ ፍላጎት ለማገዝ ይሠራል። በዓለም ትልቁ የቻይናው ፌንግኒንግ 3,600 ሜጋዋት ነው።

ኢትዮጵያስ ያስፈልጋታል? ዛሬ፣ አያስፈልጋትም እላለሁ። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ኤሌክትሪካችን የሚመጣው ከውኃ ነው። አዳማ ወይም አሸጎዳ የንፋስ ማመንጫ ላይ ንፋስ ሲበረታ ጊቤ 3 ተርባይኑን ቀነስ አድርጎ ውኃውን ማቆየት ይችላል፤ ያለ ፓምፕ፣ ያለ ብክነት። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም እንዲሁ። ባዶ እጁን ያለ አገር የሚገዛውን አገልግሎት እኛ በግድቦቻችን ይዘነዋል።

ሒሳቡን የሚቀይረው ጎረቤት ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ የሚገባው 1,045 ኪሎ ሜትር መስመር እስከ 2,000 ሜጋዋት ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እንዲያስተላልፍ የተሠራ ነው። ሶዶ ደግሞ ለከምባታዋ ከተማ ለዱራሜ ቅርብ ናት። ኬንያ ከቱርካና ንፋስና ከኦልካሪያ እንፋሎት ሌሊት የሚተርፋት ኃይል አለ። ድርቅ የማያዳክመው የፀሐይና የንፋስ ኃይል በሁለቱም አገሮች ሲበዛ፣ የሌላውን ትርፍ በርካሽ ተቀብሎ ማታ በውድ የሚመልስ ኩሬ ዋጋ ያወጣል።

ከባዱ ጥያቄ የመሬት ነው። ደጋው በሕዝብ ብዛት የታወቀ ነው፤ ከቤቱ ዙሪያ ያለው የእንሰት ጓሮ ለአንድ ቤተሰብ ሕይወቱ ነው። አሥር ሄክታር በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል እንጂ በከምባታ ብዙ ቤተሰብ ማለት ነው። ስለዚህ ላይኛው ኩሬ መፈለግ ያለበት ከእርሻው በታች፣ ወደ ገደሉ ጠርዝ ባለው ደረቅ መሬት ላይ ነው። የጊቤ 3 ሐይቅም በበጋ ስለሚወርድ፣ የውኃው መግቢያ በሐይቁ ራስ ሳይሆን ጥልቅ በሆነው በግድቡ በኩል ቢሆን ይሻላል፤ ይህም ወደ ጠምባሮ ያመለክታል። ፓምፑ ነገ አይገዛ፤ ነገር ግን የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና የክልሉ የውኃና ኢነርጂ ባለሙያዎች ገደሉን፣ ዐለቱንና ነዋሪውን ዛሬ ቢለኩና ቢመዘግቡ ጥሩ ነው።